የጉልበት ሕመምና የጉልበት ማጣት፦ የጭን ጡንቻን በዘነጋ የቁርጥማት ሕክምና ላይ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ጭንንና ቅልጥምን የሚያገናኘው አንጓ ነው፤ ሁለተኛው ኃይል፣ ብርታት፣ አቅም ማለት ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ከብቸና ወይም ከሞጣ ዙሪያ ገጠር ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው «ጉልበቴ ከዳኝ» ቢሉ፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚናገሩ ከቃሉ ብቻ ለመለየት አይቻልም። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይናገራሉ፤ አንጓው ያማል፣ አቅሙም አልቋል። ባለሙያው ግን በአብዛኛው የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በካርዱ ላይ «የጉልበት አርትራይተስ» የሚል ይሰፍራል፤ የሕመም ማስታገሻ ይታዘዛል፤ «ዕድሜ ነው፣ ብዙ አይሂዱ፣ ይረፉ» የሚል ምክር ይታከልበታል። የአቅም ማጣቱ ሳይመረመር ከሕመምተኛዋ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል።

ይህ ሂስ ወደ ሁለት አቅጣጫ ያነጣጠረ ነው። በመጀመሪያ የጉልበት ቁርጥማትን የአጥንትና የልም አጥንት ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚያየውን የዕለት ተዕለት የሕክምና ልማድ ይመረምራል። ቀጥሎም ከዚህ ልማድ በተቃራኒ የቆመውን፣ «የጭን ጡንቻ ከጠነከረ አንጓው ይድናል» የሚለውን የተጋነነ ተስፋ ይፈትሻል። የመጀመሪያው ሕመምተኛውን ከሚጠቅመው ነገር ያርቀዋል፤ ሁለተኛው የማይፈጸም ቃል ይገባለትና ተስፋ ያስቆርጠዋል። በሁለቱ መካከል ግን በቂ ማስረጃ ያለው፣ ርካሽና በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራበት የሚችል እውቀት አለ።

ሰው የሚሄድበት መሬት

ብቸና በእነማይ፣ ሞጣ ደግሞ በሁለት እጁ እነሴ ምድር የሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል ተቀምጠዋል። መንገዱ ለመኪና ነው፤ የአብዛኛው ገበሬ ጉዞ ግን ከዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ዳገቶችና ቁልቁለቶች በእግር የሚደረግ ነው። ከሞጣ ወደ ጎንደር ምድር የሚሻገረው መንገደኛ ወደ ሰባራ ድልድይ ለመድረስ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ፣ ከተሻገረም በኋላ በማዶ መውጣት ነበረበት። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ የፈረሰው ያ ጥንታዊ ድልድይ ለረጅም ዓመታት ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ የሚሻገሩበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአቅራቢያው የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል። ድልድዩ ወንዙን አሻገረ እንጂ ቁልቁለቱን አላስቀረም።

ይህ የመልክዓ ምድር ገለጻ ለጌጥ የገባ አይደለም። በሜዳ ላይ የሚሄድ ጤነኛ ሰው ከጭን ጡንቻው አቅም ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል። በቁልቁለት ላይ ግን የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት በእያንዳንዱ እርምጃ መግታት አለበት። በቤት ውስጥም ቢሆን ከዝቅተኛ በርጩማ መነሣት፣ በመደብ ላይ ተቀምጦ መነሣት፣ ምጣድ አጠገብ ተቀምጦ እንጀራ መጋገር፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት፣ በጾም ወራት መስገድ፣ በማኅሌትና በቅዳሴ ለሰዓታት መቆም፣ ሁሉም ከፊት ጭን ጡንቻ የሚጠየቁ ናቸው። መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር ለመነሣት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ በወንበር ላይ የሚቀመጥ የከተማ ሰው ብዙም የማያስተውለው ድክመት በገጠር የሚኖረውን ሰው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከገበያ፣ ከለቅሶና ከማኅበር ያስቀረዋል። «ብዙ አይሂዱ» የሚለው ምክር እንዲህ ላለው ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ ውጣ ከማለት አይለይም።

የፊት ጭን ጡንቻ ሥራ

የፊት ጭን ጡንቻ አራት ራሶች አሉት። አንደኛው ከዳሌ አጥንት፣ ሦስቱ ከጭን አጥንት ይነሣሉ፤ አራቱም በአንድነት ተሰብስበው የጉልበት ሎሚን ይይዙና ከቅልጥም አጥንት ላይ ይጣበቃሉ። ሥራቸው ጉልበትን መዘርጋት ብቻ ተደርጎ ይነገራል። በእግር ጉዞ ጊዜ ግን ዋናው አገልግሎታቸው መዘርጋት ሳይሆን መግታት ነው። ተረከዝ መሬት እንደ ነካ ጉልበት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል በልኩ ይታጠፋል፤ የፊት ጭን ጡንቻም እየተለጠጠ ይህን መታጠፍ ይቆጣጠራል። የሰውነት ክብደት በአንጓው ላይ በድንገት እንዳያርፍ የሚያለዝበው ይህ ነው።

ጡንቻው ሲደክም ሰውነት መላ ይፈልጋል። ሕመምተኛው ጉልበቱን ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ ያሳርፋል፤ ደረቱን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እርምጃውን ያሳጥራል፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ድክመቱ ከበረታም በእጁ ጭኑን እየተጫነ ይሄዳል፤ ከመቀመጫ ሲነሣም በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ይገፋል። ይህ ሁሉ ከበር ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ በዓይን ይታያል። ሆኖም በብዙ የምርመራ ክፍሎች ሕመምተኛው ሲገባ ባለሙያው ካርድ በመጻፍ ላይ ነው፤ ቀና ሲል ሕመምተኛው ተቀምጦ ያገኘዋል። አካሄድን ሳያዩ የአካሄድን ሕመም ማከም የልማዱ የመጀመሪያ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በራጅ ላይ የሚጣለው እምነት ነው። ኬልግሬንና ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1957 የአንጓ መሸርሸርን በራጅ ደረጃ የሚለዩበትን መስፈርት ካወጡ ጀምሮ ራጁ የበሽታው መልክ ተደርጎ ተቆጥሯል። በራጅ ላይ ብዙ ጉዳት የሚታይበት ሰው ያለ ችግር ሲሄድ፣ ትንሽ ጉዳት ብቻ ያለበት ደግሞ ከቤት ሳይወጣ ሲቀር ይታያል። ለዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት ራጅ የማያሳየው ጡንቻ ነው። ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ መሣሪያ ስላነሰው ብቻ ምርመራው ጎዶሎ እንደ ሆነ ሊሰማው አይገባም፤ ስለ ጡንቻ የሚያስፈልገውን መረጃ የሚሰጡት ዓይኑ፣ እጁና ሰዓቱ ናቸው።

ድክመቱ ከየት ይመጣል?

የተለመደው ማብራሪያ «ሕመሙ እንቅስቃሴን ይቀንሳል፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይመነምናል» የሚል ነው። ማብራሪያው ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ዴአንድራዴ፣ ግራንትና ዲክሰን በጉልበት አንጓ ውስጥ ፈሳሽ ሲጨመር የፊት ጭን ጡንቻ በነርቭ ምላሽ አማካይነት እንደሚገታ አሳዩ። በ1984 ስፔንሰርና ባልደረቦቹ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ብቻ ውስጣዊውን የጭን ጡንቻ ራስ ለመግታት እንደሚበቃ አረጋገጡ። ይህ መጠን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ ልምድ በሌለው እጅ ላይታወቅ ይችላል። ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው፦ አንጓው ውኃ የቋጠረ ሕመምተኛ ጭኑን ማጠንከር ያቃተው ሰንፎ ሳይሆን ነርቩ ጡንቻውን ስለከለከለው ነው። «አልተጋህም» ብሎ ሕመምተኛን መውቀስ በዚህ ጊዜ ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ እብጠቱ መብረድ አለበት።

በ1997 ስሌሜንዳና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው 462 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ሌላ ነገር ጨመረ። በራጅ የአንጓ መሸርሸር የታየባቸው ነገር ግን ሕመም የማይሰማቸውና ጡንቻቸው ያልመነመነ ሴቶችም የፊት ጭን ጡንቻቸው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ሕመም ሳይኖር ድክመት ካለ ድክመቱ የሕመም ውጤት ብቻ ሊሆን አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት የታተመው ክትትላቸውም ከክብደታቸው አንጻር የጭን ጡንቻቸው ደካማ የነበሩ ሴቶች በኋላ ለአንጓ መሸርሸር ይበልጥ እንደሚጋለጡ አመለከተ። ከዚህ በኋላ የጭን ጡንቻ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ዘንድ ከተረሳ ሕዋስ ወደ ዋና ተከሳሽነት ተሸጋገረ።

ተስፋው ከማስረጃው ሲቀድም

ሂሱ ወደ ሁለተኛው ወገን የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ድክመት ለበሽታ ያጋልጣል ማለት ማጠንከር በሽታን ያቆማል ማለት አይደለም። ሻርማና ባልደረቦቿ በ2003 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አስጠነቀቀ። እግራቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የተጣመመ ወይም የአንጓቸው ጅማቶች የላሉ ሕሙማን ዘንድ ጠንካራ የጭን ጡንቻ ከበሽታው መባባስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ ጡንቻ ሲኮማተር አንጓውን ይጫናል፤ ጭነቱ በአንድ ወገን በሚያርፍበት በተጣመመ ጉልበት ላይ ኃይል ሲጨመር የሚጎዳው ያው አስቀድሞ የተጎዳው ወገን ነው።

በ2008 በሜልቦርን በሊምና ባልደረቦቹ የቀረበው የ107 ሰዎች ጥናት ደግሞ ለ12 ሳምንታት የተደረገ የጭን ማጠንከሪያ በውስጠኛው የጉልበት ወገን ላይ የሚያርፈውን ጫና እንዳልቀነሰ አሳየ። ሕመማቸው በግልጽ የቀነሰው እግራቸው ያልተጣመመው ሕሙማን ነበሩ። በ2021 ሜሲየርና ባልደረቦቹ ያቀረቡት፣ 377 ሕሙማንን ለ18 ወራት የተከታተለው ጥናትም ብርቱ የማጠንከሪያ ሥልጠና ከቀላሉ ሥልጠናም ሆነ ሥልጠና ካልተሰጠው የንጽጽር ቡድን በሕመምም ሆነ በአንጓ ጫና የተለየ ውጤት እንዳላስገኘ ዘገበ። በ2024 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ 139 ጥናቶችን መርምሮ የአካል እንቅስቃሴ በአጭር ጊዜ ሕመምንና የመንቀሳቀስ ችሎታን እንደሚያሻሽል፣ የመሻሻሉ መጠን ግን ለሕመምተኛው የቱን ያህል ትርጉም እንዳለው አከራካሪ እንደሆነ ደመደመ።

እነዚህን ውጤቶች ያየ ባለሙያ «እንግዲያው ጡንቻውን ማጠንከር ጥቅም የለውም» ሊል ይችላል። ይህ ግን ሌላ ስሕተት ነው። በ1997 ኤቲንገርና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 439 ሕሙማን ላይ ለ18 ወራት ያካሄዱት ጥናት ክብደት እያነሡ ጡንቻቸውን ያጠነከሩትም ሆኑ በእግር ጉዞ የሠለጠኑት የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ ችሎታቸው እንደተሻሻለና በስድስት ደቂቃ የሚጓዙት ርቀት እንደጨመረ አሳይቷል። ለውጡ መጠነኛ ነው፤ እውነተኛም ነው። ማጠንከር ልም አጥንትን አያበቅልም፤ የተጣመመ እግር አያቀናም፤ የራጅ መልክ አይለውጥም። ከመደብ ለመነሣት፣ ቁልቁለት ለመውረድ፣ ቅዳሴ ለመቆም የሚያስችለውን አቅም ግን ሊመልስ ይችላል። ለሕመምተኛው ቃል የሚገባለትም በዚህ ልክ መሆን አለበት።

ሌላም መታሰብ ያለበት ጉዳይ አለ። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች በአብዛኛው የተካሄዱት ወፍራም፣ በወንበር የሚቀመጡና በመኪና የሚጓዙ ሰዎች በሚበዙበት አገር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ያሉ አረጋውያን ዘንድ በብዛት የሚታየው ቅጥነት እንጂ ውፍረት አይደለም። «ክብደት ይቀንሱ» የሚለው የመጻሕፍት ምክር አጥንቷ ለወጣ አሮጊት ከተነገረ ጡንቻዋን ይበልጥ ያሳጣታል። እንዲህ ላለችው ሴት የሚያስፈልጋት ምግብ መጨመር ነው፤ በጾም ወራት ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ፣ በፍስክ ደግሞ እንቁላልና ወተት በአቅም መጠን ሊመከሩ ይገባል።

በማዘዣ ወረቀት የተተካ ምርመራ

ጭኑ ሳይመረመር የሚታዘዘው ማስታገሻ ዋጋ ያስከፍላል። ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲንና አይቡፕሮፌን ሕመምን ያበርዳሉ፤ ለአጭር ጊዜና በጥንቃቄ ሲሰጡም ቦታ አላቸው። የጨጓራ ባክቴሪያ በተስፋፋበት አገር ለወራት ያለ ክትትል ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ። አረጋውያን ደግሞ ለእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ደም የሚያስታውክ አረጋዊ ሆስፒታል ሲደርስ የሚጠየቀው ስለ ጨጓራው ነው፤ የአደጋው መነሻ ግን ከወራት በፊት «ለጉልበት» የተጻፈ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከፋው ያለ ትእዛዝ የሚወሰደው ስቴሮይድ ነው። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሕመምተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለል ይለዋል፤ መድኃኒቱንም ደጋግሞ ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን በመጀመሪያ የሚመነምኑት የጭንና የዳሌ ጡንቻዎች ናቸው። ሕመምተኛው ሕመሙ ቀንሶለት መነሣት ያቅተዋል፤ ይህንንም «ቁርጥማቱ ባሰብኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ መድኃኒቱን ይጨምራል። ባለሙያው ይህን ክፉ ዙር ሊያቋርጥ የሚችለው «ከገበያ ወይም ከሱቅ የገዙት ኪኒን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ያን ጊዜም መድኃኒቱ በድንገት እንዳይቋረጥ፣ በሐኪም ቁጥጥር ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ ማድረግ የግድ ነው።

በአንጓ ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌም ቢሆን የሚወደሰውን ያህል አይደለም። ማክአሊንደንና ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት የ140 ሕሙማን ጥናት በየ12 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት የተሰጠ መርፌ ከጨው ውኃ ይልቅ ሕመምን አልቀነሰም፤ የልም አጥንቱን መሳሳት ግን አባብሷል። በ2020 ዴይልና ባልደረቦቹ 156 ሕሙማንን አወዳድረው ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ ውጤት ያገኙት መርፌ የተወጉት ሳይሆኑ የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ያገኙት እንደሆኑ ዘግበዋል። በጊዜው እብጠትን ለማብረድ አንድ መርፌ መስጠት ተገቢ የሚሆንበት ሁኔታ አለ፤ ደጋግሞ መውጋትን ልማድ ማድረግ ግን ድጋፍ የለውም።

ደካማ ጭን ሁሉ የቁርጥማት አይደለም

ጭንን መመርመር ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቁርጥማት ያልሆነውን ያጋልጣል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጓያ የሚበቅልበትና በችግር ጊዜ ዋና ምግብ የሚሆንበት አካባቢ ሰፊ ነው። ጓያን ለወራት አብዝቶ የተመገበ ሰው በሕብለ ሰረሰሩ ላይ በሚደርሰው ጉዳት ሁለት እግሩ ይገትራል፤ በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል፤ ጭኖቹ ይጠላለፋሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚህ የአገሪቱ ክፍል ያደረጉት ጥናት በሽታው ብርቅ እንዳልሆነ አሳይቷል። የጓያ ሽባነትና የጉልበት ቁርጥማት በአንድ ሰው ላይ ሊገኙም ይችላሉ። መለያው ቀላል ነው፤ በጉልበት ሎሚ ሥር ያለው ጅማት በመዶሻ ሲመታ በጓያ ሽባነት ምላሹ ከመጠን በላይ ፈጣን ይሆናል። ከወገብ በወጣ ነርቭ መጨፍለቅ የመጣ ድክመት ከሆነ ደግሞ ምላሹ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። በቁርጥማት ብቻ በደከመ ጭን ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወትሮው ይገኛል።

የጀርባ አጥንት ሳንባ ነቀርሳም ሊዘነጋ አይገባም። የጀርባ ሕመም፣ የምሽት ላብ፣ የክብደት መቀነስና የሁለት እግር ድክመት ያለበት ሰው በማስታገሻ የሚሸኝ አይደለም። የዳሌ አንጓ በሽታ በጉልበት ላይ ሕመም ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ጉልበቱን ያመመው ሰው ሁሉ ዳሌው መዞር አለበት። የአንድ ጉልበት ድንገተኛ እብጠት ከትኩሳት ጋር ሲመጣ የመግል ጥርጣሬ ቅድሚያ ይሰጠዋል። የጠዋት መድረቅ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይና የእጅ ጣት አንጓዎች የሚያብጡበት ከሆነ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይታሰባል። በጎጃም የተለመደው ከእግር እብጠት ጋር የሚመጣው የአፈር ዝሆኔም አካሄድን ያበላሻል፤ ሕክምናው ግን ንጽሕና፣ ጫማና የእግር እንክብካቤ እንጂ የጭን ማጠንከሪያ አይደለም። እነዚህን ሁሉ «ቁርጥማት» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ መሸኘት የቋንቋ ስንፍና ብቻ ሳይሆን ሊድን የሚችለውን ሰው ማጣት ነው።

በጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችለው

ለምርመራው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሕመምተኛዋ ከበር እስከ ወንበር ሲራመዱ ማየት፣ «እናቴ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እስቲ ይነሡ» ብሎ መጠየቅ፣ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ተነሥተው እንደተቀመጡ መቁጠር፣ በኮሪደሩ ላይ በተለካ አራት ሜትር የፈጀባቸውን ጊዜ በሰዓት መያዝ በቂ ነው። በአልጋ ላይ ተኝተው ጉልበታቸውን ዘርግተው እግራቸውን ሲያነሡ ጉልበቱ የሚታጠፍ ከሆነ የፊት ጭን ጡንቻው አንጓውን እስከ መጨረሻው መዘርጋት አቅቶታል ማለት ነው። የጭን ዙሪያን በሜትር መለካት ግን ብዙ አያስተማምንም፤ የድክመቱ ክፍል ከነርቭ መገታት የሚመጣ ስለሆነ ያልመነመነ ጭንም ሊደክም ይችላል። ቁጥሮቹ በካርድ ላይ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከእነዚያ ጋር ሲነጻጸሩ መሻሻል መኖር አለመኖሩ ይታወቃል።

ማጠንከሪያውም ከሕመምተኛው ኑሮ ውስጥ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያው በአልጋ ወይም በመደብ ላይ እግርን ዘርግቶ ከጉልበት ሥር በተጠቀለለ ጋቢ ላይ ጉልበትን ወደ ታች እየተጫኑ እስከ አምስት መቁጠር ነው። ሁለተኛው ተቀምጦ እግርን ቀስ ብሎ መዘርጋትና ቀስ ብሎ መመለስ ሲሆን እየቆየ አሸዋ የተሞላ ከረጢት በቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል። ሦስተኛውና ዋነኛው ከመቀመጫ መነሣትና በዝግታ መቀመጥ ነው፤ በመጀመሪያ በከፍተኛ መቀመጫ፣ እየበረቱ ሲሄዱ ዝቅ ባለው። በዝግታ መቀመጡ ከመነሣቱ አይተናነስም፤ ቁልቁለት የሚጠይቀውን እየተለጠጡ መግታት የሚያስተምረው እርሱ ነውና። እያንዳንዱ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለሁለት ወር ሊሠራ ይገባል። መጠነኛ ሕመም አይከለክልም፤ ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ካልበረደ ወይም አንጓው ካበጠ ግን መጠኑ ይቀነሳል። እግራቸው በጉልህ የተጣመመ ወይም አንጓቸው የላላ ሕሙማን ከባድ ክብደት ሊጨመርባቸው አይገባም፤ ለእነርሱ የዳሌ ጡንቻ ማጠንከርና በአጭር ርቀት ደጋግሞ መራመድ ይሻላል።

በትርም መድኃኒት ነው። በሳን ፓውሎ በ64 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት ለሁለት ወር በትር የተጠቀሙት ሕመማቸው እንደቀነሰና አቅማቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። በጎጃም ዱላ ከገበሬው ትከሻ፣ መቋሚያ ከካህኑ እጅ አይለይም፤ ስለዚህ እንደ ሌላው አገር «በትር ያዙ» ማለት ሰውን አያሳፍርም። ብዙዎች ግን የሚይዙት በሚያማቸው ጉልበት ወገን ነው። በትሩ በተቃራኒው እጅ መያዝና ከታመመው እግር ጋር እኩል መሬት መንካት አለበት፤ ይህን ለማሳየት የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው። በቁልቁለት ላይ በመጀመሪያ በትሩና የታመመው እግር፣ ቀጥሎ ጤነኛው እንዲወርድ ይመከራል፤ በዳገት ደግሞ ጤነኛው ይቅደም።

ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር መጻፍ ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። ጉዞው ገንዘብና አስታማሚ ይጠይቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ማሠልጠን ከጀመረ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የሙያው እውቀት ግን በከተማ ሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ ታጥሮ ሊቀር አይገባም። ነርሱ፣ ጤና መኮንኑና እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እነዚህን ሦስት እንቅስቃሴዎች በአንድ ቀን ሥልጠና ተምረው በየቤቱ ሊያስተምሩ ይችላሉ። ሪፈር የሚጻፈው ለአደጋ ምልክቶች፣ ለነርቭ ጉዳት ጥርጣሬና ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ለፈረሰ አንጓ ይሁን።

መደምደሚያ

የጉልበት ቁርጥማት ሕክምና ሚዛኑን ያጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ወገን ጡንቻውን ረስቶ አንጓውን በመድኃኒት ሲያክም ኖሯል፤ ሌላው ወገን ጡንቻውን አግኝቶ አንጓውን ረስቷል። ማስረጃው የሚደግፈው ከሁለቱ መካከል ያለውን ነው፦ ድክመቱ እውነተኛና በከፊልም ከሕመሙ የሚቀድም ነው፤ ማጠንከር አንጓውን አያድስም፤ አካሄድን ግን በመጠኑ ያሻሽላል፤ ያም በአግባቡ ለተመረጠ ሕመምተኛ ከማንኛውም ለረጅም ጊዜ ከሚወሰድ ማስታገሻ ያነሰ ጉዳት አለው።

የሕክምናው መለኪያም በዚሁ መጠን ሊለወጥ ይገባል። «ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ከመደብ ያለ እጅ ድጋፍ ይነሣሉ ወይ? ወንዝ ወርደው ውኃ ይቀዳሉ ወይ? ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በካርድ ላይ ሲሰፍር ሐኪሙ «ጉልበት» የሚለውን ቃል በሁለቱም ፍቹ ሰምቷል ማለት ነው።